ጥቁር ቡና፣ ጥቁር ገበያ፣ ጥቁር እንግዳ

የዛሬው የቋንቋ ዝግጅታችን አንድ ቃል ብቻ ይዞ መጥቷል። ቃሉ «ጥቁር» ነው።

«ይህን ለማወቅ ደግሞ ሬዲዮ ምን ያስፈልጋል? የከሰልን መልክ የማያውቅ ማን አለ?» የምትሉ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው፤ መልኩን ማንም ያውቀዋል። ጣጣው የሚመጣው ቃሉ ከመልክነት ወጥቶ ሌላ ሥራ ሲይዝ ነው። በተለይ እንደ እኛ አማርኛና ሶማሊኛ በአንድ ገበያ ውሎ፣ በአንድ ታክሲ ተሳፍሮ፣ አንዳንዴም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀላቅሎ በሚነገርበት አገር፣ ሁላችንም ሳንቀጠር አስተርጓሚዎች ነን። ለአስተርጓሚ ደግሞ ከባዱ ረጅሙ ቃል አይደለም፤ አጭሩና ሁሉም የሚያውቀው ቃል ነው።

እስቲ ከካፌ እንጀምር። ጅግጅጋ ውስጥ ጠዋት አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ብትቀመጡ የምትሰሙት ትእዛዝ ይህ ነው፦ «ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ»፣ «ለእኔ ነጣ ይበል»። አስተናጋጇ ወደ ማሽኑ ዞር ብላ «አንድ ጠቆር፣ አንድ ነጣ!» ትላለች። የሚመጡት ሁለት ብርጭቆዎች ግን አንዱም ጥቁር፣ አንዱም ነጭ አይደለም። ሁለቱም ቡናማ ናቸው። «ጠቆር ያለ» ማለት እዚህ ላይ «ወተቱን ቀንሺው» ማለት ነው፤ «ነጣ ያለ» ደግሞ «ወተቱን ጨምሪበት»። ወተት የሚባለው ቃል ሳይነሳ ስለ ወተት ተነጋገሩ፣ ተግባቡም።

ከመንገዱ ማዶ ካለው የሶማሌ ሻይ ቤት ደግሞ «ሻህ ዓደይስ» ሲታዘዝ ትሰማላችሁ። ቅመም የገባበት፣ ወተት የፈሰሰበት ሻይ ነው። «ዓደይስ» የመጣው «ዓድ» ከሚለው ቃል ነው፤ ነጭ ማለት ነው። ወተት የሌለበትን የሚፈልግ «ቢጌይስ» ይላል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ አማርኛ ሻዩን «ሻይ በወተት» ብሎ የገባበትን ነገር ሲጠራ፣ ሶማሊኛው መልኩን ጠራ። በማኪያቶው ግን አማርኛም መልክ ጠሪ ሆነ።

እዚህ ላይ አንዲት የሰዋስው ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። «ጥቁር» እና «ጠቆር ያለ» አንድ አይደሉም። ጠቆር ያለ ማለት ወደ ጥቁር የተጠጋ፣ ያዘነበለ ማለት ነው፤ ቀላ ያለ፣ ነጣ ያለ፣ ደመቅ ያለ እንደምንለው። አማርኛ ይህን ቅርጽ ለመጠን ብቻ አይጠቀምበትም፤ ለአክብሮትም ይጠቀምበታል። የጠፋ ልጅ የሚያፈላልግ ሰው «ጠቆር ያለ፣ ቁመቱ መካከለኛ» ይላል እንጂ «ጥቁር ልጅ» አይልም። ልጁ ያው ልጅ ነው። ቃሉ ግን ለስለስ ብሏል። ይህን ልዩነት መዝገበ ቃላት አያስተምርም፤ ጆሮ ነው የሚያስተምረው።

መዝገበ ቃላቱስ ምን ይላል? በአማርኛ ሦስት ትልልቅ መዝገበ ቃላት በየቤተ መጻሕፍቱ ይገኛሉ። አንዱ የከሣቴ ብርሃን ተሰማ ነው፣ በ1951 ዓ.ም. የወጣው። ሁለተኛው በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው። ሦስተኛው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያሳተመው ነው። ተማሪዎች ቃሉን ስትፈልጉ «ጠቆረ» ከሚለው ግሥ ዙሪያ ፈልጉ፤ ቤተሰቡ የተሰበሰበው እዚያ ነው፦ ጠቆረ፣ አጠቆረ፣ ጥቁረት፣ ጥቁር፣ ጥቋቁር። ግእዙ ለዚህ መልክ «ጸሊም» ይላል፤ ትግርኛም እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። አማርኛ ያንን ሥር ጨርሶ አልጣለውም፤ ጸ ወደ ጨ ተለውጦ «ጨለመ»ና «ጨለማ» ሆኖ ቀረለት። ስለዚህ በአማርኛ የመልኩ ቃልና የብርሃን ማጣት ቃል ለየብቻ ናቸው። ሰው «ነገሩ ጨለመብኝ» ይላል፤ «ጠቆረብኝ» አይልም። ፊቱን ግን «አጠቆረ» እንጂ «አጨለመ» አይባልም።

በሶማሊኛ በኩል ያለው መዝገብ ዕድሜው አጭር ነው፤ ምክንያቱም ቋንቋው ዛሬ በሚጻፍበት በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረው በ1965 ዓ.ም. ነው። ያሲን ዑስማን ኬናዲድ ያዘጋጁት የሶማሊኛ መዝገበ ቃላት ሞቃዲሾ ላይ የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ነው። በሶማሊኛ ጥቁር «መዶው» ነው። ቃሉ ሲደጋገም፣ «መድመዶው» ሲሆን፣ መልክነቱን ይተውና «ያልጠራ፣ የሚያጠራጥር» ይሆናል። ተቃራኒው «ዓድ» ደግሞ ነጭም ነው፣ ግልጽም ነው። «ዓደይን» ማብራሪያም ማስረጃም ነው። ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ከሻዩ ወተት ጋር አንድ ሥር አለው ማለት ነው።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ መምሰል የለበትም። እኛስ «ነጭ ነጩን እንነጋገር» እንል የለም እንዴ? ሳንደባብቅ፣ ሳናለባብስ ማለታችን ነው። እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆቻችን አንድ ማስጠንቀቂያ የምሰጠውም በዚሁ አጋጣሚ ነው። እንግሊዞች «ነጭ ውሸት» የሚሉት ሰው ላለማስከፋት የሚነገረውን፣ ጉዳት የሌለውን ትንሽ ውሸት ነው። በአማርኛ ነጭ ውሸት ዓይን ያወጣው፣ ማስተባበያ የሌለው ውሸት ነው። ነጭ ግልጽ ከሆነ ነጭ ውሸትም ግልጽ ውሸት መሆኑ ነው። አንዱን በሌላው የተረጎመ ተማሪ በፈተና ላይ አንድ ነጥብ ያጣ ይሆናል፤ በሰው መካከል ሆኖ ያደረገው እንደሆነ ግን ጠብ ይጭራል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ገበያ እንሂድ። «ጥቁር ገበያ» የሚለውን ያልሰማ የለም። ሶማሊኛውም «ሱቃ መዶው» ይለዋል፤ ቃል በቃል ያው ነው። ሁለቱም ከውጭ የገቡ ትርጉሞች ናቸው፤ ከእናት አባቶቻችን የወረስናቸው አይደሉም። የመንግሥትና የባንክ ሰዎች ደግሞ ቃሉ አልጣማቸው ስላለ «ትይዩ ገበያ» ይላሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ብሎ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በንግድ ባንክ በአንድ ቀን ከ74 ብር በላይ ገባ። በዚያ ሰሞን ይህ «ትይዩ ገበያ» የሚለው ቃል ከዜና አልጠፋም ነበር። መንገድ ላይ ግን ማንም «ትይዩ» አላለም። «በብላክ ስንት ገባ?» ነው የሚባለው። ቃሉ ሦስት እርከን ይዟል ማለት ነው፦ ለመግለጫ ትይዩ፣ ለጋዜጣ ጥቁር፣ ለአፍ ብላክ። ስለ አንድ ነገር ሦስቱንም የሚጠቀም ሰው የትኛውን የት እንደሚል ያውቃል። ባንክ ቤት መስኮት ላይ «ብላክ» የሚል የለም።

የጅግጅጋ ሰው ግን ከሌላው ይበልጥ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ውጫሌ ላይ ድንበሩን ወደ ሶማሌላንድ ተሻግራችሁ ሃርጌሳ ብትዘልቁ መንዛሪው የሺልንጉን ቁልል እንደ ጡብ በአደባባይ ደርድሮ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። የሚደበቅ የለም፣ የሚያሳድድም የለም። ዶላር ሰጥቶ ሌላ ገንዘብ መቀበል የሚባለው ሥራ ያው ነው፤ በወዲህ በኩል ጥቁር ይባላል፣ በወዲያ በኩል ስም እንኳ አልወጣለትም፣ ገበያ ብቻ ነው። ጥቁርነቱ ከሥራው ሳይሆን ከሕጉ የመጣ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ደግሞም ሕግ የጣሰ ንግድ ሁሉ ጥቁር አይባልም። ሐርታ ሼክን አስታውሱ። ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች የሰፈሩባት፣ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ ከሚባሉት የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ የነበረባት፣ ጣቢያዋም በ1996 ዓ.ም. የተዘጋባት ከተማ ናት። ከመሐል አገር ሰው ለጨርቅና ለኤሌክትሮኒክስ ይጎርፍባት ነበር። ያንን ንግድ ግን ሰው «ኮንትሮባንድ» አለው እንጂ «ጥቁር ገበያ» አላለውም። በአማርኛ አፍ ጥቁር ገበያ በዋናነት የገንዘብ ነው። ቃሉ የሚመርጠው አለው።

ገንዘብ ካነሳን አይቀር፣ ሶማሊኛው በእጅ ያለውን ጥሬ ገንዘብ «ለዓግ ዓዳን አህ» ይለዋል፤ «ነጭ ገንዘብ» እንደማለት ነው። ሻጩ «ነጭ ገንዘብ አምጣ» ብሎ ወደ አማርኛ ቢመልሰው አማርኛ ተናጋሪው ግራ ይጋባል፤ ምናልባት «የታጠበ ገንዘብ» ይመስለውና ይደነግጣል። በተራው አማርኛ ተናጋሪው «ጥሬ ገንዘብ»ን ቃል በቃል ወደ ሶማሊኛ ቢወስደው ያልበሰለ ሥጋ የተጠየቀ ያስመስላል። አንዱ በመልክ፣ አንዱ በማብሰል፤ ሁለቱም በእጅ ስላለው ብር ነው የሚያወሩት።

ከገበያ ወደ ሰማይ እንውጣ። ጋዜጠኞች «በኢኮኖሚው ላይ ጥቁር ደመና አንዣቧል» ስንል ክፉ ነገር መምጣቱን መናገራችን ነው። እኔ ይህን አባባል እዚህ አገር ላይ ባንጠቀምበት እመርጣለሁ። በሲቲና በፋፈን ዞኖች ከብት የሚያረባ ሰው በሐምሌ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚጠብቀው ምን ሆነና? «ከረን» የሚባለው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲቃረብ ከወደ ተራራው ደመናው ይጠቁራል። ያ ጥቁር «ደሩር» የግጦሽ ነው፣ የኩሬ ውሃ ነው፣ የወተት ነው። ደመናው ነጭ ሆኖ የዋለ ዕለት ነው ፊት የሚጠቁረው። ልጅን ከዝናብ ጋር አያይዞ «ሮብሌ» ብሎ ስም ማውጣት የተለመደ በሆነበት ሕዝብ ፊት «ጥቁር ደመና» ብሎ መጥፎ ዜና ማንበብ ሰሚውን ያምታታል። ጎረቤታችን የባቢሌና የጉርሱም ኦሮሞም ሰማዩን፣ ፈጣሪውንም፣ «ዋቃ ጉራቻ» ሲል «ጥቁሩ አምላክ» ማለቱ ነው፤ ጥቁርነት እዚያ የጥልቀትና የምስጢር ነው እንጂ የክፋት አይደለም። ገበሬውም ቢሆን በጅግጅጋ ሜዳ ላይ ያለውን ጥቁር አፈር፣ ደጋው «መረሬ» ወይም «ዋልካ» የሚለውን፣ በጥቁርነቱ አይሰድበውም። ሲረጥብ ጫማ የሚነጥቅ፣ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ አስቸጋሪ አፈር ነው። ግን እህል ያበቅላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የምናገረው ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። ለቅሶ ነው። በክርስቲያኑ ደጋ ባህል የሞተበት ሰው ጥቁር ይለብሳል። የጥንቱ ቃል «ከል» ነው፤ ጥቁር የተነከረ የሐዘን ልብስ። «ከል ለብሳለች» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ጥቁር ልብስ ያወለቀች ዕለት ዘመድ ተሰብስቦ «ሐዘኗን ጨረሰች» ይላል። በሶማሌ ልማድ ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት የምትለብሰው ነጭ ነው። የሐዘን ልብሱ «አሰይ» ይባላል፤ የምትቆይበትም ጊዜ በእስልምና ሕግ የተወሰነው አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። በሌላ ቀን ጥቁር አባያ ብትለብስ ሐዘን አይደለም፣ የዘወትር ልብሷ ነው።

እንግዲህ በአንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች አስቡ። ደገኛዋ ሶማሌ ጎረቤቷን ጥቁር ለብሳ ስታያት «ምን ደረሰብሽ?» ብላ ትደነግጣለች፤ ምንም አልደረሰባትም። ነጭ ለብሳ ስታያት ደግሞ «ዛሬስ አምሮብሻል፣ የት ልትሄጂ ነው?» ትላታለች፤ ያች ሴት ባሏን ቀብራለች። በየሰፈሩ አብረው የቆዩ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። አዲስ የመጣ መምህር፣ አዲስ የተመደበ ነርስ ወይም የባንክ ሠራተኛ ግን ሊነገረው ይገባል፤ በሥራ መጀመሪያው ሳምንት ሊነገረው ይገባል።

አዲስ ስለመጣ ሰው ካወራን «ጥቁር እንግዳ»ን መዝለል አይቻልም። ጥቁር በዚህ አባባል እንደሆነው የከበረበት ቦታ ጥቂት ነው። ጥቁር እንግዳ ማለት ከዚህ በፊት ቤቱን ያልረገጠ፣ የማይታወቅ፣ ስለዚህም የተለየ አቀባበል የሚገባው እንግዳ ነው። የቆዳው መልክ ከዚህ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ከአውሮፓ የመጣ ሰውም ጥቁር እንግዳ ይሆናል። ሰው ሲሽኮረመም «ምነው እንደ ጥቁር እንግዳ? ብላ እንጂ!» እንለዋለን። ራሱን እንደ ቤተኛ የሚቆጥር ደግሞ ወንበር ሲለቀቅለት «ኧረ እኔ ጥቁር እንግዳ አይደለሁም» ብሎ ይቀመጣል። ይህን «መርቲ መዶው» ብላችሁ ወደ ሶማሊኛ ብትወስዱት ግን የሚሰማው «ቆዳው ጥቁር የሆነ እንግዳ» ነው። ክብሩ ከመንገድ ይቀራል፣ ሰውየውም ሊቀየም ይችላል። ትክክለኛው ትርጉም ጥቁር የሚለውን ቃል ጨርሶ የማያነሳ ነው። «አዲስ የመጣ፣ የተከበረ እንግዳ» በሉና ገላገሉት።

ስለ ሰው መልክስ? እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ለመግባባት ይቀራረባሉ። አማርኛ ሰውን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ብሎ በየደረጃው ይለያል፤ «ቀይ» ማለት ቆዳው ፈካ ያለ ማለት ነው እንጂ እንደ በርበሬ የቀላ አይደለም። ሶማሊኛ ደግሞ ለዚያ መካከለኛ፣ ለዓይን ለሚስማማ መልክ «ማሪን» የሚል ቃል አለው። ጠይም ልጅ ለምትወዱ ሰዎች፣ ቃሉን ያዙት። ፊታቸው ላይ «ሁሩድ» ቀብተው የሚታዩ እናቶችና ኮረዶችም አሉ፤ ሁሩድ እርድ ነው፣ ያው ቃል ቢጫም ማለት ነው።

ንቀት ያለበትን አጠቃቀም አልደብቅም። በደጋው በቀደመው ዘመን «ጥቁር» የሚለው ቃል በምዕራብና በደቡብ ባሉ ሕዝቦች ላይ በንቀት ተነግሯል፤ ተናጋሪው ራሱን ከዚያ ስም አውጥቶ ነበር። በሶማሌው በኩል ንቀቱ የያዘው መልክን ሳይሆን ጸጉርን ነው፤ «ጀሬር» የሚለው ቃል ጸጉሩ ከርዳዳ ለሆነው፣ «ጂሌዕ» ደግሞ ለስላሳ ለሆነው የወጣ ነው። ከ1983 ዓ.ም. አንስቶ ቀብሪ በያህ ላይ፣ በኋላም በአውበሬና በሸደር በተከፈቱት ጣቢያዎች ከደቡብ ሶማሊያ የመጡ ሰዎች ተጠልለዋል፤ ከእነርሱ መካከል ይህ ስም የተለጠፈባቸው ይገኛሉ። መዝገበ ቃላት ስለ ጸጉር ይነግራችኋል፤ ቃሉ ግን የሚያወራው ስለ ጸጉር አይደለም። ልጆቻችሁ ሲሉት ከሰማችሁ አርሟቸው።

በአንጻሩ ያው ቃል ከፍ ብሎ የተሰቀለበትም አለ። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አገሪቱን ሲይዝ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና ሌሎች ምሁራን የመሠረቱት የአርበኞች ማኅበር «ጥቁር አንበሳ» ነበር። ከጅግጅጋ ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ የሚሄድ በሽተኛ የሚተኛበት ሆስፒታል የተሰየመው በዚህ ነው። ሶማሊኛ ተናጋሪው ስሙን «ሊባሕ መዶው» ብሎ አይተረጉመውም፤ «ጥቁር አንበሳ» ወይም «ብላክ ላየን» ይላል። ደግ አደረገ። የቦታና የተቋም ስም አይተረጎምም።

የሰው ስም ግን ሌላ ነገር ነው። ሶማሌ «ናነይስ» የሚለው ቅጽል ስም አለው፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ብዙ መሐመድ፣ ብዙ አሕመድ ሲኖር የሚለየው እሱ ነው። ከቅጽል ስሞቹ ብዙዎቹ መልክ ናቸው። «መዶቤ» ጥቁሩ ነው፤ የጁባላንድ ፕሬዚዳንት አሕመድ መዶቤ በዚህ ስም በአደባባይ ይጠራሉ። የሶማሊያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አደን ዓብዱላ ዑስማን «ዓዴ» ይባሉ ነበር፤ ነጩ፣ ፈካ ያለው። የሞቃዲሾ አውሮፕላን ማረፊያ የተሰየመው በዚሁ ቅጽል ስማቸው ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. የሶማሌላንድ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ዓብዲረሕማን መሐመድ ደግሞ «ዒሮ» ይባላሉ፤ ሽበት ማለት ነው። እነዚህ ስሞች በደብዳቤ ራስጌ ይጻፋሉ፣ በዜና ይነበባሉ፣ ማንም አይቀየምም። አማርኛም «ጥቁሬ» ብሎ ማቆላመጥ ያውቃል፤ ግን ቤት ውስጥ ነው፣ ለሕፃን ወይም ለወዳጅ። «አቶ ጥቁሩ ሰብሳቢው» ብሎ በስብሰባ ላይ መጥራት የሚደፍር የለም። ስለዚህ ወደ ጅግጅጋ አዲስ የመጣችሁ አማርኛ ተናጋሪዎች፣ አንድ ባለሥልጣን «መዶቤ» ሲባሉ ስትሰሙ አትደንግጡ፤ ስሙን ግን ወደ አማርኛ አትመልሱት።

ት/ቤት ውስጥ ደግሞ ከዚህ የቀለለ ነገር ያጋጥማል። የሶማሌ ክልል በአንደኛ ደረጃ የሚያስተምረው በሶማሊኛ ነው፣ አማርኛ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ሶማሊኛው መምህሩ የሚጽፍበትን ሰሌዳ «ሰቡረድ» ይለዋል፤ ከዓረብኛ የመጣ ቃል ነው፣ መልክ የለበትም። አማርኛው «ጥቁር ሰሌዳ» ይለዋል። ልጁ ቀና ብሎ ሲያይ ሰሌዳው አረንጓዴ ነው። «ቲቸር፣ ይሄ ጥቁር ነው እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ አትቆጡት፤ ትክክል ጠይቋል። ያው ቃል ወደ መንገድ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ይሆናል፦ የመኪና ሰሌዳ ላይ ጥቁር ጽሑፍና ኮድ 4 የመንግሥት ተሽከርካሪ መለያ ሆኖ ለብዙ ዓመት ኖሯል።

ከመሰናበቴ በፊት ስለ አካባቢያችን በግ ላንሳ። ራሱና አንገቱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ፣ ላቱ የደለበ፤ በየቀኑ በጅግጅጋ የከብት ገበያ የምታዩት ነው። የእንስሳት ባለሙያዎች «ጥቁር ራስ የኦጋዴን በግ» ይሉታል፤ በበርበራ ወደብ በኩል ለሐጅ ሰሞን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚጫነው ዓይነት ነው። የዚህ በግ ዘመዶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ገቡ፤ ያመጣቸው መርከብ ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ በኩል ስለመጣ እዚያ ያሉ ሰዎች «ጥቁር ራስ የፋርስ በግ» ብለው ሰየሟቸው። መልኩን በትክክል ጠሩት፣ አገሩን ግን ሳቱ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ከእንግሊዙ ዶርሴት ሆርን ጋር አዳቅለው «ዶርፐር» የሚባለውን የሥጋ በግ ፈጠሩበት፤ ዶርፐር ደግሞ በዘመናችን የአገር ውስጥ በግ ለማዳቀል ተብሎ ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። የልጅ ልጁ ተመለሰ ማለት ነው፣ በባዕድ ስም።

አድማጮቻችን፣ የሚቀጥለው ዝግጅታችን «ቀይ» በሚለው ቃል ላይ ነው። በሶማሊኛ ለዚህ መልክ «ዓስ»ም «ጉዱድ»ም ይባላል፤ የትኛው ለየትኛው ነገር እንደሚነገር የምታውቁ አረጋውያን፣ አርብቶ አደሮች፣ መምህራን እባካችሁ ጻፉልን። ስትጽፉልን ቃሉን ብቻውን አትላኩት፤ ማን ለማን፣ የት፣ ምን ሲደረግ እንደሚለው ጨምሩበት። ደብዳቤዎቻችሁን ለዝግጅት ክፍሉ ማድረስ ትችላላችሁ።